የሐርቡ ቅሬና የዓይደር ዕድር

ጣይባ ገና ልጃገረድ ሳለች፣ ሐርቡ ላይ፣ ከገበያ ስትመለስ ዋርካ ሥር የተቀመጡ ሁለት ሽማግሌዎች ሲያወጉ ሰምታ ነበር። ዘመኑ ስለራቀ ወሬው ግማሹ ከልቧ ጠፍቷል። የሚነጋገሩት ከቅሬ ስለተባረረ አንድ ሰው ነበር። አንደኛው፣ «ከቅሬ የወጣ ሰው ከሞተ ሰው በምን ይሻላል?» አለ። ሌላኛው አንገቱን ነቅንቆ አንዳች ነገር መለሰ፤ ምን ብሎ እንደመለሰ ግን ጣይባ ብታስብ ብታስብ አልመጣልሽ አላት። የቀረላት ፍርሃቱ ብቻ ነው። ያን ዕለት ዘንቢሏን አቅፋ እየሮጠች ቤት ገብታ እናቷን፣ «እኛ ቅሬ አለን አይደል?» ብላ መጠየቋን አትረሳም።

ቅሬ ለወሎ ሰው ምን እንደሆነ ለማያውቅ በአጭሩ እንንገረው። ሌላው አገር ዕድር የሚለው ነው። ሰው ሲሞት መቃብር የሚቆፍር፣ ቤት ሲቃጠል ግድግዳ የሚያቆም፣ የታመመውን በቃሬዛ ተሸክሞ ዳገት የሚወጣ የመንደር ስብስብ ነው። እስላሙም ክርስቲያኑም በአንድ ቅሬ ያድራል። ቅሬ የፈረደበት ሰው እሳት እንኳ አይጫርለትም። ስለዚህ የወሎ ሰው አገር ቢለቅ፣ ባሕር ቢሻገር፣ ቅሬውን አይለቅም።

እነሆ ከዚያ ሁሉ ዘመን በኋላ ጣይባ በመቐለ ከተማ፣ ዓይደር፣ ከሳሎኑ በመጋረጃ በተከፈለች ጠባብ ክፍል ውስጥ በጀርባዋ ተኝታ ያን ወሬ ታሰላስል ነበር። ልብስ ስታሰጣ አዳልጧት የጭኗ አጥንት ተሰብሮ፣ በብረት ተጠግኖላት ከሆስፒታል ከወጣች ሰነባብታለች። ሐኪሙ ሰው እየደገፋት በየቀኑ ካልተራመደች እግሯ ደርቆ ሊቀር እንደሚችል፣ ለምርመራም መመላለስ እንዳለባት አስጠንቅቋል። የጠፋው ደጋፊው ነው። ባሏ አብዱልጀሊል ከማለዳ ጀምሮ የብርድ ልብስና የአንሶላ ሱቁ ውስጥ ነው። አንዲት ልጇ ጁዋይሪያ ዩኒቨርሲቲ ገብታ ሶሺዮሎጂ ትማራለች፤ ጠዋት የወጣች ማታ ነው የምትመለሰው። ጣይባ ቀኑን ሙሉ ከጣሪያው ጋር ስትፋጠጥ ትውላለች።

አብዱልጀሊል መላ ያለውን አግኝቷል። ሰኞ ማለዳ በሚወጣው መኪና ሚስቱን ሐርቡ፣ እህቱ ዘንድ ሊልካት ቆርጧል። «በወገኖቿ እጅ ትዳን» ይላል። ክፋት የለበትም፤ እሷ ስትሄድ የሚራቆተው የራሱ ቤት ነው። ጣይባም ይህን ስለምታውቅ እሺም እምቢም አላለችም። ደግሞስ ማን ጠየቃት?

ነገሩን የለወጠው የመንገድ ላይ አጋጣሚ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ጁዋይሪያ እናቷ ስትራመድ የምትደገፍበትን ባለ አራት እግር ብረት ይዛ ባጃጅ ስትጠብቅ፣ ግድግዳ የሚጋሯቸው ጎረቤት አቶ ገብረዝጊ አገኟት። አቶ ገብረዝጊ ጡረታ የወጡ መካኒክ፣ የሠፈሩ ዕድር ዳኛ ናቸው። ብረቱን ከእጇ ተቀብለው ትከሻቸው ላይ አደረጉና፣ «ባጃጅ ምን ያደርጋል? ነዒ፣ ነይ በእግራችን እንሂድ» አሏት። መንገድ ላይ እናቷ ሰኞ እንደምትሄድ ስትነግራቸው ቀጥ ብለው ቆሙ። ለምን ቢሏት፣ እዚህ ሰው የለንም ይላሉ አብዬ፣ አለቻቸው። በሩ ላይ ብረቱን ሰጥተው ሊመለሱ ሲሉ ግን ልጅቱ እጃቸውን ይዛ አስገባቻቸው።

ጣይባ ከመጋረጃው ጀርባ ሆና የባሏን ድንጋጤ በድምፁ ብቻ ለየችው። በዚህ ሁሉ ጉርብትና በደጅ ሰላምታ እንጂ ቤት ውስጥ ወንበር ሰጥቷቸው አያውቅም። የጣይባን ጓዝ በገመድ ሲያስር ነበርና ገመዱን ጥሎ፣ «መርሐባ፣ ይግቡ፣ ይግቡ» እያለ ወንበሩን በእጁ ጠረገ። ስለ ውኃ መጥፋት፣ ስለ ዝናቡ መዘግየት ትንሽ ተባለ። ሁለት ጨዋ ሰዎች በልባቸው ያለውን ላለማውጣት የሚያወሩት ዓይነት ወሬ ነበር። ቆይተው አቶ ገብረዝጊ የታሰረውን ጓዝ አዩት።

«ሓው አብዱልጀሊል፣ ወንድሜ፣ ወይዘሮ ጣይባ ይሄዳሉ የሚባለው እውነት ነው?»

«ሰኞ ኢንሻአላህ። አገሯ ገብታ ወገን መሐል ብትሆን ይሻላል ብዬ ነው። እዚህ ማን አለን?»

አቶ ገብረዝጊ ይቺን «ማን አለን» እንደ መራራ መድኃኒት ቀስ ብለው ዋጧት። ጁዋይሪያ ግን አላስቻላትም።

«አብዬ፣ አንድ ነገር ልናገር?»

«መቼ ጠይቀሽ ታውቂያለሽ?» አለ አባቷ፣ እንደ መሳቅ ብሎ።

«አንቱ ገበያ ላይና እዚህ ሠፈር አንድ ሰው አይደሉም። ከወሎ ነጋዴዎች ጋር ሲሆኑ ሳቅዎ ከመንገዱ ማዶ ይሰማል። እዚህ መታጠፊያው ላይ ሲደርሱ ግን ድምፅዎ ይቀንሳል፤ ትከሻዎ ራሱ ይሰበሰባል። ያው አብዱልጀሊል ነዎት። የሚለውጥዎት የቆሙበት ስብስብ ነው።»

«ውሻም በደጁ ነው የሚጮኸው። ዩኒቨርሲቲ የገባሽው ይህን ለመማር ነው? ይህንንማ እናቴ ፊደል ሳትቆጥር ታውቀው ነበር።»

«እናትዎ የሚያውቁትን ነው እኮ ስም ያወጡለት።»

አቶ ገብረዝጊ ሳቁ። አብዱልጀሊልም ሳይወድ ፈገግ አለ፤ ልጅቱ በሩ እንደተከፈተላት አውቃ ገባችበት።

ትምህርቷን በመጽሐፍ ቋንቋ ሳይሆን ቤት በሚገባ ቋንቋ አስረዳች። ሰው ሲወለድ ከስሙ በቀር ይዞት የሚመጣው ነገር ጥቂት ነው አለች። ምን እንደሚያሳፍረው፣ በምን እንደሚስቅ፣ ሐዘን ሲደርስበት ምን እንደሚያደርግ የሚማረው አብረውት ከሚውሉት ነው። የሚውልበትም ስብስብ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ለጉዳይ የሚፈልግህ ነው፤ የነጋዴ ማኅበር፣ ፋብሪካ፣ መሥሪያ ቤት። ጉዳዩ ሲያልቅ ያሰናብትሃል። ሌላው አንተን ራስህን የሚፈልግህ ነው፤ ቤተሰብ፣ አብሮ አደግ፣ ጎረቤት። ብትታመም ወንበርህ ባዶ መሆኑ የሚታየው በዚህኛው ነው። አባቷ መቐለ ላይ ያለው ስብስብ ሁሉ ለጉዳይ የሆነ፣ ለራሱ የሚሆነውን ግን ሐርቡ ትቶት የመጣ ሰው መሆኑን አንድ በአንድ አሳየችው። ትከሻው የሚሰበሰበውም ለዚህ ነው አለች፤ ወገን የሌለው ሰው መንገዱን የሚሄደው ግድግዳ ግድግዳውን ነውና።

እውነቷን ነው። ፈጣሪ አዳምን በገነት ውበት መሐል እንኳ ብቻውን ሊተወው አልወደደም። ገነት ያላሟላችውን ብቸኛ፣ ሱቅና ሸቀጥ ከየት አምጥተው ያሟሉታል?

አብዱልጀሊል ግን በቀላሉ የሚረታ ሰው አልነበረም። ተስተካክሎ ተቀመጠ።

«ልጄ፣ እኔ ወገን አላጣሁም። ቅሬ አለኝ። ሰው ሲሞት በእኔ ተራ ወንድሜ ይቆፍራል፤ የሚደርስብኝን ድርሻ ሁሉ ሳላጓድል እልካለሁ። ሌላ ቦታ መግባት የራሴን መካድ ነው። ሁለት ያባረረ አንዱንም አይዝም።»

«ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠልስ የማን ነው?»

«ያንቺ ዓይነት ተማሪ የተረተው ይሆናል።»

«ወንድምዎ ሐርቡ ሆኖ መቃብር ይቆፍራል። እማ ግቢ ውስጥ ስትወድቅ ግን ከሐርቡ ማን ደርሶ አነሳት? እኔ እስክመጣ እዚያው እርጥብ ልብስ መሐል ነው ያገኘኋት።»

ጣይባ ያን ቀን አስታወሰች። ጮኻ ልትጠራ ትችል ነበር፤ የአቶ ገብረዝጊ ሚስት፣ የኣብረኸት ባልዲ ድምፅ ከግድግዳው ወዲያ ይሰማት ነበር። አልጠራቻትም። በቤታቸው የተለመደው አለመጥራት ነበር፤ የተሰበረ አጥንት እንኳ ልማድን ቶሎ አያሸንፍም።

አቶ ገብረዝጊ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «አንድ ነገር ልጠይቅ፣ ሓወይ። እዚህ ሠፈር የገባችሁ ጊዜ፣ ይህች ልጅ በእናቷ ጀርባ ነበረች፣ እኔና ሌሎች የዕድር ሰዎች መጥተን እንድትገቡ ጠየቅን። ትዝ ይላል?»

«በደንብ። እግዜር ይስጥልኝ፣ እኛ ቅሬ አለን አልኩ።»

«አዎ። እኛ ምን እንዳልን ልንገርዎ? ይህ ሰው አልፈለገንም፣ ሃይማኖቱ ሌላ፣ አገሩ ሌላ፣ አናስቸግረው አልን። ከዚያ ወዲህ ለሐዘን ስንወጣ በእርስዎ በር አናንኳኳም። ማክበራችን ነበር።»

አብዱልጀሊል ወደ አቶ ገብረዝጊ ዞረ። «እኔ ደግሞ ሁለተኛ ባለመምጣታችሁ፣ የመቐለ ሰው ዝግ ነው ብዬ ተቀመጥኩ።»

«እኛም ወሎዬ ለራሱ ነው ብለን ተቀመጥን» አሉ አቶ ገብረዝጊ፤ ከዚያ ድምፃቸው ዝቅ አለ። «ኣብረኸት ወይዘሮ ጣይባ ከሆስፒታል የወጡ ሳምንት የምስር ሾርባ ሠራች። ሥጋ የለበትም፣ ይበሉታል ብላ። እስከ በራችሁ ድረስ መጣችና፣ ባይቀበሉኝስ፣ ባሳፍራቸውስ ብላ ተመለሰች። ሾርባውን እኔ ነኝ የጠጣሁት። ወላዲተ ኣምላኽ ትመስክር፣ አልጣመኝም።»

ጣይባ ዓይኗን ጨፈነች። ያን ቀን የነጠላ ጫማ ኮቴ በሩ ላይ ቆሞ፣ ትንሽ ቆይቶ ሲመለስ ሰምታለች። በር የተሳሳተ ሰው መስሏት ነበር።

ጁዋይሪያ ይህን ሁሉ ሰማች። ከዚያ፣ የተማርነው ይህንን ነው፣ ስትል በዝግታ ተናገረች። ስብስብ ሰውን ያቅፋል፤ ሲያቅፍም ክብ ይሠራል፤ ከውስጥ ያለው ክቡን እቅፍ ይለዋል፣ ከውጭ ያለው ግድግዳ ይለዋል። ከውስጥ «የእኛ ሰው» እየተባባልን፣ ማዶ ያለውን ሳናውቀው ጠባይ እናወጣለታለን። እሱም ለእኛ ያወጣልናል። ሁለታችንም ክፉዎች አይደለንም፤ ሁለታችንም የሌላውን ማንኳኳት ጠባቂዎች ነን። «እኔ ደግሞ» አለችና አባቷን አየችው፣ «ከሐርቡ ቅሬ አንድ ሰው በመልክ አላውቅም። የዚህን ሠፈር ልጆች አውቃለሁ፤ ዕድራቸው ግን አያውቀኝም። በክፉ ቀን እኔ የማን ነኝ፣ አብዬ?»

አብዱልጀሊል ይህን ጥያቄ ከልጁ አፍ እሰማለሁ ብሎ አስቦ አያውቅም። ነገሩን ወደ ሃይማኖት አዞረው። ዕድራችሁ ሲሰበሰብ ጸሎት ትጸልያላችሁ፣ እኔ ምን እላለሁ አለ። አቶ ገብረዝጊ ይህን ብዙ ጊዜ ያሰቡበት ይመስል ወዲያው መለሱ። እኛ አቡነ ዘበሰማያት ስንል አንተ በሆድህ ዱዓ ታደርጋለህ፤ የሚሰማው አንድ ነው አሉት። «አንተ» ማለታቸውን ማንም አላስተዋለም፤ ጣይባ ግን ሰማችው።

«ብሞትስ? እናንተ አታጥቡኝ፣ አትከፍኑኝ።»

«እሱን የመስጊድ ወንድሞችህ ያደርጉታል። እኛ ሬሳህን ምን እናደርገዋለን?» አሉ፣ እየሳቁ። «የእኛ ሥራ ከአንተ በኋላ የቀሩት ናቸው። ድንኳኑን መትከል፣ ወንበር መደርደር፣ ውኃ መቅዳት፣ ጣይባና ልጅህ ብቻቸውን እንዳያድሩ አብሮ መቀመጥ። ቆይ እስቲ፣ በሐርቡ ቅሬ ክርስቲያን የለም?»

«እንዴት አይኖርም? የአባቴ ጊዜ የቅሬው ዳኛ ወልደጊዮርጊስ የሚባል ነበር። የአባቴን መቃብር የመጀመሪያዋን አፈር ያነሳው እሱ ነው። ቂብላው፣ ፊታችንን ወደ መካ የምናዞርበት፣ በየት በኩል እንደሆነ ሳይጠይቅ ያውቅ ነበር።»

«የሐርቡ ተወላጅ ነው?» አለች ጁዋይሪያ።

«የለም፤ ከላስታ የመጣ ነው። ድርቅ አባሮት።»

«ሲመጣ እዚያ ወገን ነበረው?»

«ከየት? እንግዳ ነበር እንጂ። ኋላ ነው ቅሬ ገብቶ …» አብዱልጀሊል የጓዙን ገመድ ጫፍ አንስቶ በጣቱ ይጠቀልል ጀመር።

ሰው በክርክር ሲረታ ብዙ ጊዜ ይቆጣል። ሰውን በራሱ ትዝታ ሲረቱት ግን ይለሰልሳል፤ የረታው የገዛ አባቱ ይመስለዋልና። አብዱልጀሊል ወልደጊዮርጊስን ባይተዋር አድርጎ አስቦት አያውቅም ነበር። ያ ሰው ሐርቡን አገሩ ያደረገው የላስታን አፈር ረስቶ አልነበረም፤ ላስታ ያሉ ዘመዶቹ ሲሞቱም ሄዶ ያለቅስ ነበር። አንዱ ሌላውን አልሻረበትም።

«ደግሞ ዋናውን ነገር ረስተናል» አለች ጁዋይሪያ፣ ድምፅዋ እየሳሳ። «እማን ጠይቀዋታል?»

አብዱልጀሊል ተነሳ። መጋረጃውን በእጁ ገለል አደረገውና ሚስቱን ልክ እንደ ባለጉዳይ ቆሞ አያት። አቶ ገብረዝጊ ለጨዋነት ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ።

«ጣይባ፣ ሰምተሻል?»

«ከቤት የት እሄዳለሁ?» አለች፣ ፈገግ ብላ። ከዚያ የብዙ ጊዜ ዝምታዋን ቀስ አድርጋ ፈታችው። «ሐርቡ ደግ አገር ነው። ግን እናቴ የለች። አብሮ አደጎቼ ግማሾቹ ዓረብ አገር ሄዱ፣ ግማሾቹ ሞቱ። እህትህ ታስታምመኛለች፣ አላህ ይስጣት፤ ግን መቼ ነው የምትመለሺው ብለው የሚጠይቁኝ እንግዳ ነኝ። እዚህ … ኣብረኸት ስትነሳ በባልዲዋ አውቃለሁ። ሲያስላት አላህ ያሽርሽ እላለሁ፤ አይሰማትም እንጂ። እኔ ያለሁት እዚህ ነው፣ አብዱልጀሊል። የምድነውም የተሰበርኩበት ቦታ ነው።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«አልጠየቅኸኝማ። ደግሞ ለእኔ ብለህ ስትለፋ እያየሁ እንዴት እምቢ ልበልህ?»

አብዱልጀሊል የአልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ እጇን ያዘ። ይህን ሰው ፊት ሲያደርግ ልጁም አይታው አታውቅም።

ከዚያ በኋላ የነበረው ንግግር እንደ ክርክር ሳይሆን እንደ ምክክር ሆነ። አቶ ገብረዝጊ ጥቅሙን በጣታቸው ሳይሆን በስም እየጠሩ ዘረዘሩት። ኣብረኸት ጠዋት ጠዋት ሥራዋን ስታበቃ ትመጣለች፤ ጣይባን ደግፋ ግቢውን ታዞራታለች። እሷ የማይመቻት ቀን ሌላዋ ጎረቤት ኣርሴማ አለች፤ የዕድሩ ሴቶች ለአራስና ለታማሚ ተራ መግባት ልማዳቸው ነው። ጁዋይሪያ ልቧ ሳይሰቀል ትማራለች። ሆስፒታሉ ቅርብ ነው፤ ሌሊት ቢያስፈልግ የሚሸከሙ ትከሻዎች አሉ። የሐርቡ ቅሬም አይነካም፤ ወንድሙ እንደ ድሮው በተራው ይቆፍራል፣ አብዱልጀሊልም እንደ ድሮው ድርሻውን ይልካል። አንድ ሰው ሁለት ቦታ ቢታዘንለት የሚቀርበት የለም።

«እናንተስ?» አለ አብዱልጀሊል። «እኔ ምን እጠቅማችኋለሁ? ተሸክማችሁኝ ብቻ እንድትኖሩ አልፈልግም።»

አቶ ገብረዝጊ ይህን ሲሰሙ ወንበራቸውን ጠጋ አደረጉ። ነገ የጎረቤታቸው የአቶ ዓንደብርሃን ተዝካር ነው። ሟቹ የኣርሴማ አባት ናቸው፤ ኣርሴማ ኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ በፈረቃ ልብስ ትሰፋለች፤ አብረዋት ከሚሠሩት ብዙዎቹ የወሎ እስላም ልጃገረዶች ናቸው፣ ሊያስተዛዝኗት ይመጣሉ። ለእነሱ የሚሆን በግ ታስሯል። በቢስሚላህ የሚያርደው ሰው ግን ሠፈር ውስጥ አጥተው፣ ከሩቅ ለመለመን ሲወጡ ነው ጁዋይሪያን ባጃጅ ስትጠብቅ ያገኟት።

«እና ከቤቴ አጠገብ ሆናችሁ ከሩቅ ልትለምኑ?»

«ቅሬ አለን ብለኻል እኮ፣ ሓወይ።»

ጣይባ ሳቀች፤ ጭኗን እያመማት ሳቀች። አብዱልጀሊል ግን አልሳቀም። የጓዙን ገመድ ፈትቶ ጠቀለለውና ጥግ አስቀመጠው፤ የሰኞውን መኪና እንድታስቀር ጁዋይሪያን ላካት። ኣብረኸትን በራሱ አፍ ሊለምናት፣ ቀጥሎም በሚመጣው የዕድሩ ስብሰባ ቀርቦ ልግባ ብሎ ሊጠይቅ ቃል ገባ። አቶ ገብረዝጊን እስከ በሩ ሸኛቸው። እዚያ፣ ለዓመታት በሰላምታ ብቻ ሲተላለፉበት በነበረው ደፍ ላይ፣ ትከሻው እንደተከፈተ ቆሞ ጠየቃቸው።

«ድንኳኑን ስንት ሰዓት ነው የምትተክሉት?»

«ገና በጨለማ፤ ሰው ሳይመጣ። አንተ ግን ለበጉ ረፈድ ሲል ብትመጣ ይበቃል።»

«ሱብሒ ሰግጄ እመጣለሁ። በጉ ኋላ ይደርሳል» አለ አብዱልጀሊል። «የድንኳኑን ገመድ በየት በኩል ነው የምይዘው?»